የጋሽ ከድር የውሃ ተሳቢ

ኮረብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እኛ «ባለ ግራሩ» እንለው ነበር፤ አናቱ ላይ አንዲት ግራር ብቻ ስለነበረችው። ግራሯ በኋላ በመድፍ ተመትታ ወደቀች፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ተንበርክኬ ጎማ ስፈታ፣ ተራ አስከባሪው «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ሲጮህ፣ ያ ኮረብታ ሳልጠራው ይመጣብኛል። የሚመጣብኝ አናቱ አይደለም። ወገቡ ነው፤ እኛ የቆምንበት ቦታ።

ጦር ሜዳን በፉከራ የሚያወራ ሰው አልወድም። እኔም የምፎክርበት ነገር የለኝም። ከሠራዊቱ በፊት የሚኒባስ ሾፌር ነበርኩ፤ በሠራዊቱ ውስጥ የፒክአፕ ሾፌር፤ እግሬ ከተመታ ወዲህ ደግሞ ጎሚስታ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጎማ አልራቅሁም። ተኩሼ ማንን እንደመታሁ አላውቅም፤ ማንንም ሳልመታ ቀርቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ይህን የምጽፈው ወደ ሱቄ ለሚመጡ ወጣቶች ነው። ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ጭነው ወደ ገጠር የሚወጡ ልጆች ናቸው። ለመኪናቸው ትልልቅ ባለ ጥርስ ጎማ ያስገጥማሉ፤ ከኋላ ለሚያስሯት ተሳቢ ግን ያገኙትን ያደርጉባታል። «የተሳቢዋን ጎማ ከመኪናው ጋር አንድ አድርጉት» እላቸዋለሁ። «ፋዘር፣ ተሳቢ እኮ ሞተር የላትም፤ ተጎትታ ነው የምትሄደው» ይሉኛል። ፋዘር የሚሉኝ በሽበቴ ነው እንጂ አርባ እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። ያን ጊዜ እበሳጫለሁ። ብስጭቴን አይተው ይስቃሉ፤ ሰውዬው ጎማ ሊሸጥልን ነው ብለው ያስባሉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የእኔ ነገር ሥሩም ውሃ ነው።

ጋሽ ከድር ከለቡ መብራት ኃይል ወረድ ብሎ ብየዳ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ ተሳቢም ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ሙራድ ከእኛ ጋር ግንባር ነበር፤ የሬድዮ ሰው። ስልክ ባገኘ ቁጥር ለአባቱ የሚያወራው ስለ ሙቀቱና ስለ ጥማቱ ነበር። ቆላ ነበርን። ሰፈሩ ለግንባር የሚልከውን ሲያሰባስብ እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጁ፤ ነጋዴው ብርድ ልብስ አመጣ፤ በብስራተ ገብርኤል በኩል ያሉት በግ ነድተው መጡ አሉ። ብየዳ ቤቶቹ «እኛስ ምን እንስጥ?» ሲባባሉ ጋሽ ከድር «ውሃ» አሉ። ውሃ የምትሸከም ተሳቢ ለመሥራት ተስማሙ።

እንዴት እንደሠሯት ራሳቸው ነግረውኛል። አክስሏን ከወደቀ ሚኒባስ ፈቱት። እዚህ ከተማ ተሳቢ የሚሠራ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ የሚኒባስ አክስል የትም አይጠፋም። ላይዋ ላይ የብረት ታንከር አስቀመጡ። ሰማያዊ ቀቧት፤ ጎኗ ላይ በነጭ «ልጆቻችን፣ ውሃ ጠጡ» ብለው ጻፉ። ለጎማዋም አልሰሰቱም፤ ፀጉሩ ገና ያልረገፈ አዲስ ጎማ ከነመቀየሪያው፣ ከነስኮርታው፣ ገጠሙላት። ኢማሙም ቄሱም ፓስተሩም መጥተው መረቋት። ሰዉ እየዞረ አያት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል «የምትጎትታት መኪና ጎማ ስንት የብሎን ቀዳዳ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለምን ይጠይቃል? በከተማ ጎማ ቢፈነዳ ጎሚስታ በየጥጉ አለ። የከተማ ሰው ስኮርታን የሚያስበው እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ድረስ ነው።

ክፍላችን የደረሰች ቀን ሠርግ ይመስል ነበር። ሙራድ ከምሽጉ ወርዶ መጣ። ብየዳውን በጣቱ እየዳሰሰ «ይቺ የአባቴ እጅ ናት» አለ። «ይኸው፣ ሲጨርስ ጫፏን እንዲህ ቆልመም ያደርጋታል።» ቧንቧውን ከፍተን ጭንቅላቱን አሳጠብነው። እስከዚያ ቀን ውሃ የምናመላልሰው በጀሪካን ነበር፤ ፒክአፗ ላይ ደርድረን። የስንቅ ኃላፊያችን ሃምሳ አለቃ ጌቱ «ይህን የመሰለ ሀብት አግኝተን ጀሪካን ምን ያደርግልናል?» አሉና ጀሪካኖቹን ከእኛ ለባሰበት ጎረቤት ሻምበል ሰጡ። ደግ ሰው ናቸው። ማናችንም አልተቃወምንም።

ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ መሪው ነገረኝ። የፒክአፗ ጎማ ትልቅ ነው፤ ቸርኬው፣ ብሎን የሚገባበት ብረቱ፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ፣ ጎኑ ወፍራም፣ ጥርሱ ጣት የሚያስገባ። የተሳቢዋ ትንሽ ነው፤ ባለ አምስት ቀዳዳ፣ ጎኑ ስስ፣ ለአስፋልት የተሠራ። በዚያ ላይ የተሳቢዋ ሁለት ጎማዎች ተቀራርበው ነው የተቀመጡት። ፒክአፗ አሸዋውን ጠርጋ መንገድ ታወጣለች፤ ተሳቢዋ ግን በወጣው መንገድ አትሄድም። አንዱ ጎማዋ በመኪናዋ ፈለግ ሲወድቅ ሌላው መሃል ድንጋዩ ላይ ይወጣል። ተንጋዳ ነበር የምትከተለኝ። ቁመቷም አጭር ስለሆነ አክስሏ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ይልስ ነበር። ሙሉ ውሃ ስትጭን ከኋላዬ ሌላ መኪና ፍሬን ይዞ የሚጎተት ይመስለኝ ነበር።

ብዙም ሳትቆይ አንድ ጎማዋ ድንጋይ ቀደደው። ስኮርታዋን ገጠምን። ከዚያ ወዲያ ለእሷ የሚሆን ስኮርታ አልነበረንም። ለፒክአፗ ግን ሁለት ነበራት። ረዳቴ ደስታ እነዚያን ሁለት ጎማዎች በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «እነዚህ ጌቶች ሥራ ፈትተው ቀለባችንን ይበላሉ» ይል ነበር። ደስታ የወላይታ ልጅ ነው፤ መዝሙር ከአፉ አይጠፋም፤ ቀልድም እንደዚያው። ሃምሳ አለቃ ጌቱ ባለ አምስቱን ጎማ በሬድዮ ጠየቁ። «ይመጣል» ተባለ። ደግመው ጠየቁ። «ይመጣል» ተባለ። ደስታ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። ለቡ ብንሆን ኖሮ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት ቶርኖ ቤት ወስጄ ከሰዓቱን ባለ ስድስት አስደርጌው እመለስ ነበር። እዚያ ግን ያለን ድጅኖና መዶሻ ነው። በድጅኖ ብረት አይበሳም። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያወቅነውን ግን ምንም ልናደርገው አልቻልንም።

ትእዛዙ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው።

ባለ ግራሩ ላይ ያለችው፣ ሙራድም ያለባት ጋንታችን ከሁለት ወገን ተከባለች። ከእኛ ጋር የሚያገናኛት አንድ ፈፋ ብቻ ቀርቷል። ጥይት አላቸው። ውሃ የላቸውም። ኮዳቸው ከደረቀ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሃምሳ አለቃ ጌቱ «ታምሩ፣ ፀሐዩ ሳይጠነክር አድርስላቸው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ፊታቸው ግን ወደ ተሳቢዋ ጎማ ዞሮ ነበር።

ከወንዙ ሞላን። ደስታ አጠገቤ ተቀመጠ። በአንደኛ ማርሽ፣ አራቱንም ጎማ አሲዤ ወጣሁ። ማዶ ሸንተረር ላይ ያሉት ገና አላዩንም፤ ወይም አይተው ይጠብቁናል። እነሱም የዚችው አገር ልጆች ነበሩ። እነሱንም ይጠማቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ረፋድ ላይ የኮረብታው ወገብ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ነው የቀረን። የሰው ራስ ይታየናል። አንዱ ከምሽጉ ብቅ ብሎ ኮፍያውን አውለበለበልን።

ፈነዳ። ጥይት መስሎኝ አንገቴን ቀበርኩ። ደስታ «ጎማ ነው» አለ።

ወረድን። የተሳቢዋ ግራ ጎማ ጎኑ ተቀዷል። ቸርኬው ድንጋይ ነክሷል። አክስሏ ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል። ወደ ፊት ሞከርኩ፤ የፒክአፗ ጎማ ይዞራል እንጂ አትነቃነቅም። ፈትተናት መኪናዋ ብቻዋን ትሂድ አልን። መጋጠሚያው በውሃው ክብደት ተጠማዞ ግጥም አድርጎ ይዟል። በድጅኖ ታገልነው። ማንሻ ክሪክ አስገባን፤ ክሪኩ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። የፒክአፗ ሁለት ስኮርታዎች ጭነቱ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

አንዱን አወረድኩት። እንደማይገባ እያወቅሁ ቸርኬውን ወደ ብሎኖቹ አስጠጋሁት። አንዱ ብሎን ሲገባ ሌላው አይገባም። አዙሬ ሞከርኩ። እንደገና አዙሬ ሞከርኩ። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ይሆናል። ደስታ እጄን ያዘኝና «ታምሬ፣ ተወው» አለ። ልቅሶዬ መጣ። አላፍርበትም።

በመኪናዋ ሬድዮ የሙራድ ድምፅ መጣ።

«ሰማያዊዋን እያየኋት ነው። ለምን ቆማችሁ?»

«ጎማ» አልኩት።

«ቀይሩታ።»

አሸዋው ላይ የጣልኩትን ጎማ አየሁ።

«ስኮርታ የላችሁም?»

«አለን። አይገባም።»

 ከዚያ «በቃ እኛ እንወርዳለን» አለ። አትውረዱ አልኩ። እንፈታታለን፣ ታገሡ አልኩ። እንደማንፈታት አውቅ ነበር፤ እሱም ከድምፄ አውቋል። የጋንታው መሪ አራት ሰው ፈቀደ። እላይ የቀሯቸውን አራት ባዶ ጀሪካኖች ተሸክመው በፈፋው ወረዱ። ሙራድ ሬድዮውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አብሮ መጣ።

ሳይተኮስባቸው ደረሱ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። አልተሻሙም፤ በተራ ጠጡ። ሙራድ መጨረሻ ላይ ነበር። አፉን ከቧንቧው አስጠግቶ ብዙ ጠጣ። ደስታ «ቀስ» አለው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለምን አጥብቄ እንደምናገር ወደ በኋላ ትረዳላችሁ።

ሌሎቹ ጀሪካን ሲሞሉ ሙራድ ከተሳቢዋ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የብየዳ ቤት ልጅ ነው፤ የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። የተሳቢዋን ብሎኖች በዓይኑ ቆጠረ። ከዚያ አሸዋው ላይ የጣልኩትን የፒክአፗን ጎማ አየ። ጣቱን ቀዳዳዎቹ ላይ አዞረ። ሲነሳ ወደ እኔ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ ይህን እንዳይሰማ» አለኝ።

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን» አልኩት።

ጀሪካኖቹን ጀርባቸው ላይ አስረን ላክናቸው። ደስታ የሁላችንንም ኮዳ ሞልቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተከተላቸው። እኔ መጋጠሚያውን እንድፈታ ቀረሁ።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ ማዶ ያሉት ተኩስ ጀመሩ። መጀመሪያ መትረየስ። ከዚያ ሞርታር። አንዱ ከኋላዬ ወደቀ። ግራ እግሬ ሲሞቀኝ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ደም ነበር። ወደ ተሳቢዋ ሥር ተሳብኩ። ታንከሩ ተበሳ። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ተበሳ። ውሃው በቀጭኑ እየተፈናጠረ ይፈስስ ጀመር። በመዳፌ ደፈንኩት። አንዱን ስደፍን በሌላው ይፈሳል። ሁለት እጅ ነው ያለኝ። አሸዋው የፈሰሰውን ወዲያው ይጠጣዋል፤ እርጥበቱ እንኳ አይቆይም። ውሃው ፊቴ ላይ እየፈሰሰ፣ እላይ በጥም ያሉ ሰዎች እያዩኝ፣ ምንም ላደርግ አልቻልኩም።

ቀና ስል ዳገቱ ታየኝ። ከዚያ ርቀት ሰው አይለይም፤ የሙራድ ጀሪካን ግን ቢጫ ነበር። ቢጫው ወደ ላይ ይሄዳል። ይሄዳል። ተደፋ። ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ከቀዳዳው ላይ አላነሳሁም፤ እጄን ካላነሳሁ እሱም የሚነሳ መስሎኝ ነበር። አልተነሳም።

ከቀትር በኋላ ኮረብታው ላይ ወጡባቸው። የተጠማ ሰው የቻለውን ያህል ተዋጋ። ሊረዷቸው የተላኩ ሰዎች ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ተኩሱ በረደ። ባለ ግራሩ በእጃችን ቀረ። እላይ የደረሰው ውሃ ደስታ ያደረሳቸው ኮዳዎችና አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። ደስታ ዛሬ አገሩ ነው። እንደዋወላለን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ስለ ጎማ አንድ ቀን እንኳ አንስተን አናውቅም።

ከሆስፒታል ወጥቼ ለቡ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ለቅሶ ለመድረስ ጋሽ ከድር ቤት ነው። ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ጠጥቶ ነበር?»

«ጠጥቷል፣ ጋሽ ከድር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከእኛው ተሳቢ?»

«ከእርስዎ ተሳቢ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ ብየዳ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ለልጃቸው ሰደቃ የውሃ በርሜል አቆሙ፤ ከነመጠጫው። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይሞሉታል። የጠማው ሁሉ ይጠጣል፤ የቀን ሠራተኛው፣ የታክሲው ወያላ፣ ተማሪው። እኔም በዚያ ሳልፍ እጠጣለሁ፤ ሳይጠማኝም እጠጣለሁ። ወደ ሱቄ መጥተው ሲቀመጡ ግን እጨነቃለሁ። ያቺን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ደጋግሜ እውነቱን እመልሳለሁ። የምፈራው የምትቀጥለዋን ጥያቄ ነበር። ውሃው ተሳቢዋ ላይ ከነበረ ልጄ ለምን ወረደ? ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ብዋሽ ይታወቅብኛል። እንዳልናገር ምዬአለሁ። እኚህ ሰው ደግሞ በልጃቸው ፍቅር የሠሩት ነገር ነው መንገድ ላይ የቆመው። ለማን ይነገራል ይህ? ብቻዬን ይዤው እኖር ነበር።

ተሳቢ መሥራት ትተው ነበር። ዘንድሮ ለከብቶች ውሃ ወደ ቦረና የሚያመላልስ አንድ ሰው መጥቶ ለመናቸው። እምቢ ሲሉ ከረሙና «ለከብት ውሃ ነው» ሲላቸው ልባቸው ራራ። ሠርተው ሲጨርሱ ሰውዬው በፒክአፑ ጎትቶ አዲስ ጎማ ሊያስገጥም እኔ ጋ ይዟት መጣ። ጋሽ ከድርም አብረው መጡ። ተሳቢዋን አየኋት። ሰማያዊ። የብየዳው ጫፍ ቆልመም ያለ። አክስሉ የሚኒባስ፣ ባለ አምስት። ፒክአፑ ባለ ስድስት።

ሰውዬው ስልክ ሊያናግር ራቅ አለ። ምን ላድርግ? ዝም ብል ያ ሰው በረሃ ላይ ይቆማል። ብናገር ደግሞ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ወደ መፍቻዎቼ ጎንበስ ብዬ እንደ ማንኛውም የሥራ ወሬ ጀመርኩ።

«ጋሽ ከድር፣ ይሄ ባለ አምስት ነው፣ መኪናው ባለ ስድስት። አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻላል።»

«ለምን?»

«ስኮርታ እንዲጋሩ። ቁመቱም ስፋቱም እኩል ከሆነ ተሳቢዋ መኪናው በጠረገው ትሄዳለች። ጎማውም ጎኑ ወፍራም ይሁን፣ ጭነቱን የሚችል። አስፋልት አይደለም የሚሄድበት።»

ብዙ ተናገርኩ። ፈጥኜ ተናገርኩ። እሳቸው እጃቸውን ቸርኬው ላይ አድርገው ይሰሙኛል። 

«ያቺ የኛዋ» አሉ በመጨረሻ፤ «እሷም አምስት ነበረች። እኔ ነኝ የገጠምኳት።»

መፍቻዬን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«የምትጎትታት መኪናስ?»

ኮምፕሬሰሩ ተነሳና መንጫጫት ጀመረ። እስኪቆም ጠበቁ።

«ታምሩ።»

«ስድስት» አልኩ።

የተቆለለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። መንገዱ ላይ መኪናው ይተራመሳል፣ ሰው ያልፋል፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ የማደርገው የለኝም። እዚያ አሸዋው ላይ ጎማ ሳዞር የተሰማኝ ነው የተሰማኝ።

«ሙራድ አይቷል?»

«አይቷል።»

«ምን አለ?»

በእናቴ የማልኩት መጣብኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ዝም ማለት ራሱ መናገር እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ሌላ ምን አፍ አለኝ?

«ለአባቴ እንዳትነግሩት አለ፤ አይደል?» አሉ። «ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። የሠራሁት በር ሳይዘጋ ሲቀር ለባለቤቱ እኔ ነኝ የሰበርኩት ይለዋል።»

ኮፊያቸውን መልሰው አደረጉ። ተነሱ። ትከሻዬን ያዙኝ።

«እንግዲህ አልሰማሁም» አሉ። «አንተም አልነገርከኝም። ልጄ እንዳልሰማ ከፈለገ አልሰማሁም።»

ባለ ፒክአፑ ሲመለስ «ትንሽ የምትስተካከል ነገር አለች» ብለውት ተሳቢዋን አስጎትተው ሄዱ።

ባለ ግራሩ ላይ ያን ቀን ሰባት ሰው አጣን። ውሃ ሊቀዱ ከወረዱት አራት መሃል ሙራድ፣ ተስፋዬና አብዲ ዳገቱ ላይ ቀሩ። እላይ ምሽጉ ውስጥ አበራ፣ ኤልያስ፣ ጫላና የጋንታው መሪ መቶ አለቃ ሰለሞን። ማዶም የተቆጠረ ይኖራል፤ ቁጥሩን አላውቅም። ጀግኖች ነበሩ ማለት ቀላል ነው፤ ነበሩም። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የተጠሙ ልጆች ነበሩ፤ ውሃውም ሞልቶ ነበር፤ ጎማም ነበረን። ይህን የምሸከምበት ልብ አላገኘሁም። ማንንም መክሰስ አልችልም። የሰጡን በፍቅር ነው የሰጡን፤ እኛም በደስታ ነው የተቀበልነው።

ጋሽ ከድር ተሳቢዋን መልሰው አመጧት። የሚኒባሱን አክስል አውጥተው ሰፊ አክስል አስገብተዋል፤ ስፋቱ ከፒክአፑ ጋር ልክ። ባለ ስድስት። እንደ መኪናው ያለ ወፍራም ጎማ ገጠምንላት። ጨርሰን መሣሪያዬን ስሰበስብ «ቆይ» አሉኝ። ወደ ፒክአፑ ሄደው «ስኮርታውን አውርድልኝ» አሉ። አወረድኩት። የተሳቢዋን ግራ ጎማ በክሪክ አንስቼ እንድፈታ አዘዙኝ። ፈታሁት። ስኮርታውን ራሳቸው አንከባለው አመጡ፤ ላግዝዎት ስል እምቢ አሉ። ተንበርክከው ከፍ አደረጉትና ወደ ብሎኖቹ አስጠጉት።

ገባ።

ስድስቱንም በእጃቸው አጠበቁ። ከዚያ እዚያው ተንበርክከው እንዳሉ ጎማውን ይዘው ቆዩ፤ እኔም አላስነሳኋቸውም።